የወንድሜ ሰዓት ይዋሻል

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። 36 ዓመቴ ነው፤ ባንክ እሠራለሁ፤ የምኖረው አያት አካባቢ ነው። መሮጥ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ክረምት ቨርጂኒያ ያለው ታላቅ ወንድሜ ውድ የስፖርት ሰዓት ገዝቶ ላከልኝ። ዋጋውን ኢንተርኔት ላይ ሳየው ደነገጥኩ፤ ከሦስት ወር ደመወዜ ይበልጣል። አሁን ግን ባየሁት ቁጥር አንጀቴ ይበግናል። ታላቁ ሩጫን ስጨርስ 10 ኪሎ ሜትሩን 10.41 ነው አለኝ። ጠዋት ከጓደኛዬ ጋር እያወራሁ ሳዘግም የልብ ምትሽ 174 ደረሰ ይላል። እንጦጦ ጫካ ውስጥ አንድ ሰዓት ከሩብ ስለፋ ደግሞ ኪሎ ሜትር ይሰርቀኛል። ቡና ስቆላ እርምጃ ይቆጥርልኛል፤ ልጄን አዝዬ ግቢውን ስዞር ዝም። በአንድ ሰዓት ሩጫ 790 ካሎሪ አቃጠልሽ ሲለኝ አምኜው በላሁና በሁለት ወር ሁለት ኪሎ ጨመርኩ። ከሁሉ የባሰብኝ ሰውነቴ ስሮጥ ቢበዛ ስንት ኦክስጅን ሊጠቀም እንደሚችል ገምቶ ‹ቪኦቱ ማክስሽ 31 ነው፤ ልምምድሽ ፍሬ የለውም› ማለቱ ነው። የወንድሜ 43 ነው፤ በዚያው መተግበሪያ ስለምንተያይ ይስቅብኛል። ባለቤቴ ሽጪው ይላል። ወንድሜ በደወለ ቁጥር ‹ሰዓቱ እንዴት ነው?› ሲለኝ ‹አሪፍ ነው!› እያልኩ እዋሻለሁ። ልሽጠው ወይስ ልታገሠው? የመተግበሪያውን ገጽ ፎቶ አያይዣለሁ።»

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ደብዳቤሽን እያነበብኩ ስስቅ የሳቅሁት በራሴ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ከሲኤምሲ ወዲያ ሮጬ ስጨርስ ሰዓቴን ማቆም ረሳሁና ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መገናኛ ስወርድ እጄ ላይ ነዘረኝ፤ የ5 ኪሎ ሜትር የግል ክብረ ወሰንዎን አሻሽለዋል ይላል፤ 11 ደቂቃ ከምናምን ሰከንድ። ቀነኒሳ በቀለ በ2004 እ.ኤ.አ. ሄንግሎ ላይ 5 ሺውን የሮጠው በ12፡37.35 ነው። እኔ፣ ጉልበቴን የሚያመኝ የ58 ዓመት ሰው፣ ከረዳቱ መልስ እየጠበቅሁ በለጥኩት ማለት ነው። መዝገቡን እስክሰርዘው ሳምንት ፈጀብኝ። እውነቴን ነው፣ ትንሽ ያሳሳ ነበር።

ወደ አንቺ ጉዳይ ልምጣ። የላክሽልኝን ፎቶ መነጽሬን አድርጌ፣ በጣቴ ከፍቼ አጉልቼ አየሁት። ከስምሽ ሥር ዕድሜ 44 ይላል። ዝቅ ሲል የልደት ቀን 8/1981።

ገባሽ? ሚያዝያ 1981 ዓ.ም. ነው የተወለድሽው። ሚያዝያ ለእኛ ስምንተኛ ወር ስለሆነች 8 ብለሽ ሞላሽ፤ ዓመቱንም እንዳለ አስገባሽው። መተግበሪያው የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም፤ ኦገስት 1981 የተወለደች ሴት ናት ብሎ ተቀበለሽ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያንቺ ሚያዝያ 1989 ላይ ነው የሚውለው፤ ከኤፕሪል 9 እስከ ሜይ 8 ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ቀኑን አንቺ አስልተሽ አስገቢ። ስምንት ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው አርጅተሽ ነው ሰዓቱ ዘንድ የምትኖሪው። አይዞሽ፣ ብቻሽን አይደለሽም። አብረውኝ ከሚሮጡት ሦስቱ እንዲሁ ሞልተው አግኝቻቸዋለሁ፤ አንዱማ ጡረታ የወጣ ሰው ሆኖ ነበር የተመዘገበው።

ይህ ዕድሜ ለልደት ኬክ ብቻ የተጠየቀ እንዳይመስልሽ። ሰዓቱ የልብሽን ጣራ፣ ማለትም በደቂቃ ቢበዛ ስንት ጊዜ ሊመታ እንደሚችል፣ የሚገምተው ከዕድሜሽ ነው። የታወቀው ቀመር 220 ሲቀነስ ዕድሜ ነው። በ44 ሲሰላ 176፣ በ36 ሲሰላ 184። ልብሽ 160 ሲመታ ሰዓቱ ከጣራሽ 91 በመቶ ደረሰች ብሎ ቀዩ ዞን ውስጥ ይከትሻል፤ በእውነተኛው ዕድሜሽ ግን 87 በመቶ ነው። «በዚህ ፍጥነት ለመሮጥ ይህን ያህል ከለፋች አቅሟ ዝቅተኛ ነው» ብሎ ቪኦቱ ማክስሽንም ይቀንሰዋል። ሲዘልፍሽ የከረመው አንድም በዚህ ነው።

ቀመሩ ራሱም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1971 እ.ኤ.አ. ፎክስና ባልደረቦቹ ከተለያዩ ጥናቶች በሰበሰቡት ቁጥር መሐል ለመሐል ያሰመሩት መስመር ነው። የብዙ ሰው አማካይ ሆኖ ያገለግላል፤ አንድን ሰው ለይተሽ ስታዪ ግን አሥርና አሥራ ሁለት ምት ወደ ላይም ወደ ታችም መራቅ የተለመደ ነው። ስለዚህ ልደትሽን ካስተካከልሽ በኋላ አንድ ቀን፣ በደንብ አሟሙቀሽ፣ ዳገት ላይ ሦስት አራት ጊዜ እስከ ጥግ ሩጪና ያየሽውን ከፍተኛ ምት በእጅሽ ሙይው። ይህን የምልሽ ጤነኛ ከሆንሽ ነው፤ ደረትሽን የሚያምሽ ወይም ራስሽን የሚያዞርሽ ከሆነ ከዳገቱ በፊት ሐኪም።

ከወንድምሽ ጋር ስለመወዳደራችሁ ደግሞ ልናገር። እሱ ቨርጂኒያ ውስጥ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ሳይል ይሮጣል። አንቺ ከ2,300 ሜትር በላይ ነሽ። እዚህ ያለው የአየር ግፊት እዚያ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሰው ከቆላ ወደዚህ ሲመጣ ቪኦቱ ማክሱ በመቶ አሥርና ከዚያ በላይ መውረዱ ያለ ነው። አንዳንድ ሰዓት ከፍታውን አስልቶ ሊያካክስ ይሞክራል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አያስበውም። በዚያ ላይ የወንድና የሴት ሠንጠረዥ ለየብቻ ነው፤ 43 እና 31ን ጎን ለጎን አስቀምጦ መሳቅ አላዋቂነት ነው በይልኝ። ለጥምቀት ከመጣ በማግሥቱ እንጦጦ ይዘሽው ውጪ። የዚያን ቀን ማን እንደሚስቅ እናያለን።

አሁን ወደ 174። ጓደኛሽን እያወራሻት ነበር ብለሻል። በእውነተኛው ዕድሜሽ 174 ማለት ከጣራሽ 95 በመቶ ገደማ ነው፤ በዚያ ልብ ሐሜት አይወራም። አንድ ቃል ብታወጪ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ስሕተት መሆኑን ሰዓቱን ሳላይ አምኜሻለሁ። ከየት እንደመጣ ግን ልንገርሽ። የዚያን ቀን ሩጫሽን ክፈቺና የልብ ምቱን መስመርና የእርምጃ ብዛቱን መስመር አንድ ላይ አውጪያቸው። እርምጃው በደቂቃ 172፣ 174፣ 175 እያለ የሚሄድ ይመስለኛል። የልቡም እንደዚያው። ሁለቱ መስመሮች አንዱ ባንዱ ላይ ተኝተው ታገኛቸዋለሽ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ የልቡ መስመር ድንገት ገደል እንደገባ ዘጭ ብሎ 138 ወይም 140 ላይ ይወርዳል። ሰዓቱ ያን ጊዜ ነው ልብሽን ያገኘው። እስከዚያ ሲቆጥር የነበረው እግርሽን ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከሥሩ የምታዪው አረንጓዴ መብራት ቆዳሽ ውስጥ ይገባል፤ ደም አረንጓዴውን ብርሃን ይውጠዋል። ልብ በመታ ቁጥር የደም ሥሩ ትንሽ ይሞላና ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ያንሳል፤ ቀጥሎ ይጎድልና ብርሃኑ ይጨምራል። ሰዓቱ የሚቆጥረው ይህን ብልጭታ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስትወጪ ግን ብርዱ የቆዳሽን የደም ሥሮች ያኮማትራቸዋል፤ የሚታየው የደም ሞገድ ቀጭን ይሆናል። እጅሽ ደግሞ ከእርምጃሽ ጋር ይወዛወዛል፤ ሰዓቱ ላልቶ ከሆነ ከቆዳሽ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በዚያ ክፍተት ብርሃን ይገባል ይወጣል። ደካማው የልብ ሞገድና ጠንካራው የእጅ ውዝዋዜ አብረው ሲመጡ ማሽኑ ጎላ ያለውን ይይዛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከእጅ አንጓ አጥንትሽ ሁለት ጣት ያህል ወደ ክንድሽ ከፍ አድርገሽ እሰሪው። ስትሮጪ ጠበቅ አድርጊው፣ ስትጨርሺ አላሊው። ከቤት ሳትወጪ አምስት ደቂቃ ተንቀሳቀሺ፣ እጅጌሽን አልብሺው።

የቆዳ ቀለም ነገርም ይነሳል፤ አንቺ ባትጠይቂም ሌሎች ይጠይቁኛል። ጥቁር ቆዳ አረንጓዴ ብርሃን በብዛት ይውጣል፣ ይህ የታወቀ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ስሕተቱ ከፍ ይላል አሉ፤ በ2020 የዱክ ተመራማሪዎች ደግሞ በቀለም ምክንያት የጎላ ልዩነት አላገኘንም፣ ልዩነቱን ያመጣው እንቅስቃሴው ነው አሉ። እኔ እዚህ አብረውኝ ከሚሮጡት እንዳየሁት የሰዓቱ አስተሳሰር ከቀለሙ ይበልጥ ይለያያል። ንቅሳት ግን ያለ ጥርጥር ያውካል። የእናቴ እጅ ላይ እንዳለው ያለ ጥቁር ንቅሳት ላይ ብታስሪው ቀለሙ መብራቱን ስለሚጋርደው ላያነብልሽ ይችላል።

የታላቁ ሩጫ 410 ሜትር ብዙ ሰው የሚያናድደው ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሁልጊዜ ኅዳር ላይ ይኸው አቤቱታ ይመጣልኛል፤ «አዘጋጆቹ መንገዱን አስረዘሙት» የሚል እንኳ አለ። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ መሠረት የጎዳና ውድድር የሚለካው በመኪና ወይም በሳተላይት አይደለም። በብስክሌት ነው፤ የፊት ጎማው ላይ ጆንስ ካውንተር የሚባል ቆጣሪ ይታሰራል። ለኪው የሚነዳው ሯጭ ሊሄድበት በሚችለው አጭሩ መስመር ነው፤ ኩርባ ላይ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቆ። ውድድሩ አጠረ እንዳይባል በየሺው ሜትር አንድ ሜትር ይጨመራል፣ ስለዚህ 10 ኪሎ ሜትር የተባለው ሲጀመርም 10,010 ሜትር ነው።

አሁን ራስሽን አስቢ። በአሥር ሺዎች መካከል ነሽ። አንዱ እያጨበጨበ ይዘፍናል፣ ሌላው መንገድ ላይ ፎቶ ይነሳል፣ አንቺ በግራ ታልፊያለሽ፣ በቀኝ ትመለሻለሽ፣ ውኃ ለመርጨት የቆመውን ታያለሽና ትሄጂለታለሽ። አንድ መታጠፊያ ላይ ከአጭሩ መስመር 5 ሜትር ርቀሽ ብትዞሪ 8 ሜትር ገደማ ይጨመርብሻል፤ በአሥር መታጠፊያ 80 ነው። ከ410ሩ ሜትር ብዙው በእግርሽ የሄድሽበት ነው፣ እውነት ሮጠሽዋል። የተረፈው የሳተላይቱ ነው።

ሳተላይቶቹ ከእኛ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ይዞራሉ። ሰዓትሽ የሚያደርገው ከእነሱ የመጣው የሬዲዮ መልእክት ስንት ጊዜ እንደፈጀ ማስላት ነው። መልእክቱ በቀጥታ ከመጣ ጥሩ። ሰንጋ ተራ፣ ከንግድ ባንክ 209 ሜትር ሕንፃ ሥር ስታልፊ ግን መስታወቱን ነክቶ፣ ተንጸባርቆ፣ ዞሮ ይደርሳል። ዘግይቶ የመጣው መልእክት ለሰዓቱ «ሩቅ ነሽ» ማለት ነው፤ አንቺ አስፋልቱ ላይ እያለሽ ሕንፃው ውስጥ ስትሮጪ ይሥልሻል። መስመሩ ሲንቀጠቀጥ ርቀቱ ይረዝማል። በሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚቀበል ሰዓት ይህን በደንብ ይቀንሳል፤ ያንቺ ያ ምርጫ ካለውና ባትሪ ቆጣቢው ላይ ከተውሽው ከተማ ስትሮጪ ቀይሪው። ሌላም አለ፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ሰዓቱ ከስልክሽ ጋር ለሳምንታት ካልተገናኘ ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ አስቀድሞ የሚነግረው መረጃ ያረጅበታል። ያኔ ክፍት ሜዳ ላይ ቆመሽ ዝግጁ ነኝ እስኪል ጠብቂው። ከግቢ በር ጀምረሽ ከሄድሽ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ፈጥሮ ነው የሚጽፍልሽ።

እንጦጦ ላይ ተቃራኒው ነው የሚሆነው። አትሌቶቹን አይተሽ ከሆነ ባሕር ዛፉ ውስጥ በሰልፍ፣ አንዱ ያንዱን ተረከዝ እያየ፣ በግንዶቹ መካከል እየተጠማዘዙ ነው የሚሄዱት። አንቺም እነሱን አይተሽ እንደዚያው ሳትሮጪ አትቀሪም። ሰዓቱ መስመር አይሥልም፤ ነጥብ ነጥብ ያደርግና ነጥቦቹን በቀጥታ ያገናኛል። በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ስትሮጪ በየሴኮንዱ ሁለት ሜትር ተኩል ትሄጃለሽ፤ በየአራት ሴኮንዱ አንድ ነጥብ ቢይዝ በሁለቱ መካከል 10 ሜትር አለ። በ10 ሜትር ውስጥ ሁለት ዛፍ ዞረሻል፣ ሰዓቱ ግን ዛፎቹን ሰንጥቆ አልፏል። ይባስ ብሎ የሚንቀጠቀጥ መስመር ሲያይ ስሕተት ነው ብሎ የሚያለሰልስ ስሌት አለው፤ ያንቺን መጠማዘዝ እንደ ስሕተት ቆጥሮ ያቃናልሻል። ዳገቱ ግን አልሰረቀሽም፤ ብዙ ሰው በእሱ ያሳብባል። በመቶ 10 ተዳፋት ላይ እንኳ የሚጠፋው በኪሎ ሜትር 5 ሜትር ነው።

የመቅረጫው ምርጫ ውስጥ ገብተሽ በየሴኮንዱ እንዲይዝ አድርጊው፤ ትንሽ ይሻላል። እኔን ብትሰሚኝ ግን ጫካ ውስጥ ኪሎ ሜትሩን ተዪው። አትሌቶቹን ዛሬ ምን ሠራችሁ ብለሽ ጠይቂያቸው፤ «አንድ ሰዓት ከሃያ ጫካ» ነው የሚሉሽ። ኪሎ ሜትር የሚያወሩት ስለ አስፋልትና ስለ ኮሮኮንች ነው። እጃቸው ላይ ያለው ጂፒኤስ ካንቺው ጋር አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ የት እንደሚያምኑት ግን ያውቃሉ።

ካሎሪው ላይ አልቆይም። ያ የስታንፎርድ ጥናት ሰባት መሣሪያ ፈትኖ በልብ ምት ስድስቱን ከ5 በመቶ በታች ስሕተት ሲያገኝባቸው፣ በካሎሪ ግን ደህናው በአማካይ 27 በመቶ፣ የባሰው 93 በመቶ ነበር የሳተው። የአሯሯጭ ልማድ ስሌት ልስጥሽ፤ አንድ ኪሎ ክብደት አንድ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ አንድ ካሎሪ ገደማ ያወጣል። 62 ኪሎ ብትሆኚና 9 ኪሎ ሜትር ብትሮጪ 560 ገደማ ነው። ሰዓቱ 790 ብሎሻል። ትርፉ ሁለት መቶ ሠላሳ ካሎሪ ነው፤ በሳምንት አራት ቀን ከሮጥሽ ከሁለቱ ኪሎ አንዱ ገደማ ከየት እንደመጣ ማስላት አያቅትሽም። አንድም በሐሰት ምት የተነሳ ነው፤ ልብሽ 174 መሰለው። ክብደትሽን ሲጠይቅሽ ምን ብለሽ እንደሞላሽ አልጠይቅሽም፣ እሱ በአንቺና በመተግበሪያው መካከል ይቅር። ብቻ የሠርግሽን ጊዜ ከሆነ አስተካክዪው። ካሎሪ የሚያሳየውን ገጽ ደግሞ ከሰዓቱ ፊት አንሺው፣ ይቻላል።

ቡናውና ልጁ ደግሞ የእጅ ነገር ነው። ሰዓቱ እግር የለውም። ምጣዱ ላይ ቡናውን ስታማስዪ እጅሽ በልክ በልክ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ እሱ መራመድ ነው ይላል። ልጅሽን አዝለሽ ሁለት እጅሽን ወደኋላ አድርገሽ ከቂጡ ስትይዢው እጅ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ለእሱ ቆመሻል። አሥራ ሁለት ኪሎ ተሸክመሽ መዞርሽን አንቺና ወገብሽ ታውቃላችሁ።

ይህን ሁሉ ስል ለኩባንያዎቹ ጥብቅና የቆምኩ እንዳይመስልሽ። ንዴትሽ ልክ ነው። የተከፈለው ገንዘብ አብዛኛው የሚሄደው ለባትሪው፣ ለካርታው፣ ለማይጫረው መስታወትና ለቲታኒየሙ ነው፤ አረንጓዴው መብራት በግማሽ ዋጋ ከሚሸጠው ታናሹ ጋር ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ማስታወቂያው ላይ ይህን አይነግሩሽም። «የሕክምና መሣሪያ አይደለም» የሚለውም መመሪያው ውስጥ በደቃቅ ፊደል ነው የሚገኘው። እኔን ይበልጥ የሚያበሽቀኝ ግን ከነጥብ በኋላ የሚያስቀምጡት አኃዝ ነው። 10.41! «ከ10.2 እስከ 10.5 ነው» ቢልሽ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አትጽፊም ነበር። ገምቶ ሲያበቃ ለክቶ እንዳገኘው ሆኖ ያወራል። ሰዓቱ በእርግጥ የሚለካው ጊዜን፣ የብርሃን ብልጭታን፣ የእጅ ውዝዋዜን፣ የሳተላይት መልእክትንና የአየር ግፊትን ነው። ቪኦቱ ማክሱ፣ ካሎሪው፣ የእንቅልፍ ደረጃው፣ «ፍሬ የለውም» የሚለው ፍርድ፣ ሁሉም ከእነዚህ ላይ የተሠራ ግምት ነው። እኛ ደግሞ ሰዓት ተርጉሞ ማንበብ አያቅተንም፤ ስልካችን 6 ሲል 12 ብለን ነው ያደግነው።

አሁን ልሽጠው ወይ ላልሽው። ከመሸጥሽ በፊት ፈትኚው፤ ምናልባት እውነትም የተበላሸ ደርሶሽ ይሆናል። ሳምንቱን ሁሉ የምልሽን አስተካክለሽ ከሮጥሽ በኋላ አንድ ጠዋት ትክክለኛ 400 ሜትር መም ያለበት ቦታ ሂጂ። በውስጠኛው መስመር 10 ዙር ሩጪ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ከወጣሽ በየዙሩ 7 ሜትር ስለሚጨምር እንዳትወጪ። 4 ኪሎ ሜትር ነው። ከ3.92 እስከ 4.08 ባለው ውስጥ ከመዘገበ ሰዓትሽ ጤነኛ ነው። ለልቡ ደግሞ ስትሮጪ ድንገት ቁሚና ወዲያው ከመንጋጋሽ ሥር አንገትሽ ላይ ሁለት ጣት አድርገሽ 15 ሴኮንድ ቁጠሪ፣ በአራት አባዢው። አትዘግዪ፤ ልብ ቶሎ ይወርዳል። በእረፍት ላይ እያለሽ ግን በጣትሽ ቆጥረሽም ከ100 በላይ ደጋግመሽ ካገኘሽ ሰዓቱን ትተሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ የደም ማነስም የእንቅርት ዕጢ ችግርም ልብ ያስቸኩላል።

ፈተናውን ደጋግሞ ከወደቀ፣ ማለትም መሙ ላይ ከ3 እና ከ4 በመቶ በላይ እየሳተ፣ ወይም ከአሥር ደቂቃ ሩጫ በኋላም ልብሽን በአሥር ምትና ከዚያ በላይ እየዘለለ ከሆነ፣ አትሽጪው፤ የተበላሸ ዕቃ ለሌላ ሰው መሸጥ ነው። ዋስትናው ብዙ ጊዜ የሚሠራው በተገዛበት አገር ስለሆነ ወደ ወንድምሽ ይመለስ፤ ደረሰኙም እሱ ጋ ነው። ለዚህ ደግሞ «አሪፍ ነው» ማለትሽን ማቆም አለብሽ።

ለነገሩ ፈተናውን ቢያልፍም ንገሪው። ቁጥሩን ተቀብሎ የሚስቅብሽ እኮ ሰዓቱ አሪፍ ነው ስላልሽው ነው። «ወንድሜ፣ ሰዓቱን ወድጄዋለሁ፤ ጠዋት ሲበርድ ግን ልቤን አያገኘውም። ሰው ሲመጣ የደረት ቀበቶ ላክልኝ» በይው። አይከፋውም። ላኪ ሰው የሚከፋው የላከው መሳቢያ ውስጥ መቀመጡን ሲሰማ ነው። ቀበቶው የሰዓቱን ዋጋ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም፤ የሚለካውም ብርሃን ሳይሆን የልብሽን የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። አዲስ ነገርም አይደለም፤ ፊንላንዳዊው ፖላር ያለ ሽቦ የሚሠራውን ያወጣው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። የሌላ ኩባንያ ቢሆንም አብዛኛው ካንቺ ሰዓት ጋር ይነጋገራል፤ ብቻ ከመግዛቱ በፊት ይጠይቅ።

ሲደርስሽ ከጡትሽ ዝቅ አድርገሽ፣ እንደ ውስጥ ሱሪ ላስቲክ ሳይላላ ሳይቆርጥሽ እሰሪው። ቆዳሽን የሚነካውን ጥቁሩን ክፍል መጀመሪያ በውኃ አርጥቢው። ደረቅ ከሆነ ላብሽ እስኪመጣ ድረስ እሱም የማይሆን ቁጥር ነው የሚያወራው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ እንዳትጽፊልኝ።